ቁጥር የሌላት ጓጉንቸርና የወንድሜ የስቶክሆልም ሽርሽር

ለክቡር አቶ ቶርቢዮርን ሉንድሚርክ፣
የ«ሰማያዊ ጃርት» የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሊቀ መንበር፣
ሶደርማልም፣ ስቶክሆልም

ግልባጭ፦ ለመግቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ለአሳንሰሩ መስታወት፣ ለልብስ ማጠቢያው ክፍል በር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደ ሰነበተ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ እንቅልፍዎ፣ እንዲሁም ከየካቲት ወዲህ ማንም እንዳይነካው ተጠንቅቀው የጠበቁት የማኅበራችን እንግዳ ክፍል ሁሉም በደህና ይገኙ ዘንድ ምኞቴ ነው። እኔ የአራተኛ ፎቅ የቤት ቁጥር 17 ነዋሪ ጉንቮር ሄድሎፍ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በካርታ ማተሚያ ቤት የሌሎችን ስሕተት ሳርም ኖሬ ጡረታ የወጣሁት፣ ከቀኝ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። በአገራችን ሰው በማዕረግ መጠራት ከቀረ ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሐኪሙንም ሚኒስትሩንም «አንተ» ብለን እንጠራለን። ለእርስዎ ስል ግን «ክቡር» የሚለውን ቃል ከተቀመጠበት አውጥቼ አቧራውን አራግፌዋለሁ። ይህን ለማንም አድርጌ አላውቅም።

ባለፉት አሥራ አንድ ሳምንታት በልብስ ማጠቢያው በር ላይ የለጠፍኳቸውን ዘጠኝ ማስታወሻዎች በሙሉ ዛሬ ጠዋት በእጄ አንስቻለሁ፤ በእነሱ ቦታ ይህ ደብዳቤ ይቆማል። እዚህ ውስጥ የተጻፈው የግል ጉዳይ እንዳይመስልዎ እለምናለሁ፤ ነዋሪው ሁሉ ግቢውን ባጸዳበት ቅዳሜ ያልሰማው ሰው የለም፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው የጥርስ ሐኪምም እንደሰማ ነግሮኛል። አሁን በትዕግሥትዎ ተማምኜ ወደ ቅሬታዎቼ እገባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጓጉንቸሯ።

ወንድሜ አልጎት ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የሚኖረው በአገራችን ሰሜን ጫፍ፣ ከዮክሞክ ወዲያ፣ ወንዝ ዳር፣ አሥራ አንድ ቤት ባላት መንደር ነው። በጥር መጨረሻ ሐኪሙ ዓይኑን መርምሮ የመሃሉ እይታ እየጠፋ መሆኑንና መኸር ሲገባ ዳር ዳሩ ብቻ ሊቀርለት እንደሚችል ነገረው። አልጎት ይህን ለእኔ በስልክ ሲነግረኝ የነገ በረዶ ስንት ጣት እንደሚሆን እንደሚነግር ሰው ነበር። ቀጥሎም፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በደብዳቤ ስነግረው የኖርኩትን ቦታ አንድ ጊዜ ሳያይ ዓይኑ እንዲዘጋ እንደማይፈልግ ጨመረ። በዕድሜው ሙሉ ሽርሽር የሚባል ነገር ሄዶ አያውቅም። ሆቴል ልያዝልህ ብለው፣ የማን ልጅ እንደሆነ በማያውቁበት ቤት እንደማይተኛ በጨዋ ቃል አስረዳኝ። የእኔ ቤት እንደሚያውቁት አንድ ክፍል ነው፤ ሶፋዬም ሁለት ሰው ተጣብቆ እንዲቀመጥበት እንጂ አንድ ሜትር ከዘጠና የሚረዝም የእንጨት ሠራተኛ እንዲተኛበት አልተሠራም።

ማኅበራችን በምድር ቤቱ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣ ሁለት አልጋ ያለው እንግዳ ክፍል የሠራው ለዚህ ለዚህ ነው። አሠራሩም ለሁላችንም የታወቀ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ቁጥሩ የተቀረጸባት ትንሽ ጓጉንቸር አለችው፤ በኮሪደሩ የእንጨት ሰሌዳ ላይ በሚፈልገው ቀን ቀዳዳ ውስጥ ሰክቶ ይቆልፋታል፤ ከሦስት ሌሊት በላይ አይፈቀድም። እኔም የ17 ቁጥር ጓጉንቸሬን ይዤ፣ የግንቦትን የመጀመሪያ ሳምንት መርጬ ወረድኩ። ለሦስቱ ሌሊት የእኔን፣ ለቀሪው ደግሞ ከጎረቤቴ ከዮርዲስ የተዋስኩትን ልቆልፍ ነበር። ሰሌዳው ግን ከየካቲት እስከ ሰኔ ድረስ በአንዲት ጓጉንቸር ስም ተይዞ አገኘሁት፤ ጓጉንቸሯም ቁጥር አልነበራትም። በዚህ ሕንጻ ሃያ አራት ቤት፣ ሃያ አራት ጓጉንቸር አለ። ሃያ አምስተኛዋን ማን ወለዳት?

ሁለተኛ፤ ስለ እርጥበቱ።

በማግስቱ በክፍሉ በር ላይ «በእርጥበት ምክንያት እስከ ሌላ ማስታወቂያ ድረስ ዝግ ነው» የሚል፣ በፊርማዎ የከበረ ወረቀት አየሁ። ስለ ግልጽነቱ አመሰግናለሁ። በዚያ የካቲት የሕንጻችን አየር እጅግ ከመድረቁ የተነሳ የፒያኖዬ እንጨት ተሰንጥቋል፤ ዮርዲስም የበሩን እጀታ በነካች ቁጥር ኤሌክትሪክ ይነዝራታል። እርጥበቱ ሁሉ ሰብሰብ ብሎ ወደ አንድ ክፍል የገባበትን ጥበብ እንዲያብራሩልን በማስታወሻ ቁጥር አንድ በትሕትና ጠይቄ ነበር። ከሥሩ ዮርዲስ በእርሳስ «እኔም ጥያቄ አለኝ» ብላ ጻፈች፤ ሌላ ሰው «ኧረ እኛም» አለ፤ እርስዎ ደግሞ ፈገግ ያለ ፊት ሣሉበት።

ሦስተኛ፤ ፈገግ ያለው ፊት። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

አራተኛ፤ ስለ ማስረጃዎቹ።

ክቡርነትዎ እንደሚረዱት፣ ጥርጣሬ ያለ ማስረጃ ሐሜት ነው፤ እኔ ደግሞ ሐሜተኛ አይደለሁም። ስለዚህ ማስረጃ ሰበሰብኩ። የማደርቀው ልብስ ባይኖረኝም እንኳ በማድረቂያው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ መጽሐፍ ማንበብ ጀመርኩ። የእርጥበት ጠጋኝ ሲመጣ አላየሁም። በአንጻሩ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ከወለሏ ሥር የእንቁላል መቀቀያ ደወል ሲጮኽ ዮርዲስ ሰማች፤ ቤቷ ከክፍሉ በላይ ነው። በአሳንሰሩ ውስጥ፣ ወደ ጣሪያው እያየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

«አንቺ፣ ሊቀ መንበሩ ጀርመኖች አስገብቶበታል።»

በምን እንዳወቀች ጠየቅኋት።

«በሰዓቱ ነዋ። የእኛ አገር ሰው ለሽርሽር ወጥቶ እንቁላል በደቂቃ አይቀቅልም።»

ይህ ጠንካራ ማስረጃ ሆኖ ታየኝ። ወደ ቆሻሻ መለያው ክፍልም ወረድኩ፤ የካርቶኑን ገንዳ ከፈትኩ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለአንድ ሰው የሚበቃ የቀዘቀዘ ምግብ ካርቶን አሥራ አራት ቆጠርኩ። ከዚህም ተነስቼ በክፍሉ ውስጥ አሥራ አራት ቱሪስቶች አሉ ብዬ ደመደምኩ። በመጋቢት መጨረሻ ደግሞ በወረቀቱ ገንዳ ውስጥ የከተማችንን ካርታ አገኘሁ፤ በእስክሪብቶ ስድስት ቦታ ተከቧል። ካርታው እኔ ራሴ ያረምኩት እትም ነበር፤ ይህም አላስደሰተኝም አልልም። ከተከበቡት አንዱ ፋርስታ ነበር። ለሽርሽር ወደ ፋርስታ የሚሄድ ሰው በዓለም ላይ እንደሌለ፣ እዚያ ያለው ፎቅና የገበያ አዳራሽ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ማሰብ የነበረብኝን አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ቱሪስቶቹ በጣም የሠለጠኑ መሆናቸውን ነው።

ክፍሉን ከነዋሪው ተደብቀው እያከራዩ እንደሆነ በማስታወሻ ቁጥር ሰባት ላይ በጥያቄ ምልክት ጽፌያለሁ። የጥያቄ ምልክቱ ትንሽ እንደነበረ አልክድም።

በዚያው ሰሞን አልጎት ደወለ። የጉዞውን መርሐ ግብር አራት ገጽ አድርጌ፣ በጥቁር ቀለም፣ በትልልቅ ፊደል ጽፌለት ነበር፦ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ባቡር ጣቢያ፤ እሑድ ጠዋት በጀልባ ወደ ዩርጎርደን ደሴት፤ ቀጥሎ ግዙፏ ጥንታዊ የጦር መርከብ፣ ይህም ከጎን ሆኖ ስለሚታይ ለዳር ዓይን የሚስማማ በመሆኑ፤ ማክሰኞ የከርሰ ምድር ባቡር ጣቢያዎቹ የግድግዳ ሥዕል፤ ረቡዕ ዕረፍት፣ እንደ ዝናቡ። መርሐ ግብሩ ሁሉ ነበረው፤ የሚተኛበት ብቻ ጎደለው። ስለ ጓጉንቸሯ፣ ስለ ደወሉና ስለ ካርቶኑ አንድ በአንድ ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ፦

«ሄደሽ ለምን አታንኳኪም?» አለኝ።

በዋና ከተማ እንደማይንኳኳ አስረዳሁት። እዚህ ሰው ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት በበሩ ቀዳዳ ኮሪደሩ ባዶ መሆኑን አይቶ እንደሚወጣ፣ ይህም ጥላቻ ሳይሆን መከባበር እንደሆነ፣ ሰውን መጠየቅ ያስፈለገ እንደሆነ በወረቀት እንደሚጠየቅ ነገርኩት። በአልጎት መንደር በር የሚንኳኳው ቄስ ወይም ፖሊስ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ሌላው ከፍቶ ይገባል።

«እና ሃምሳ ዓመት እዚያ ኖረሻል» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

አምስተኛ፤ ስለ ጽዳቱ ቅዳሜ።

ወንድሜ በሌሊት ባቡር ተጉዞ በደረሰበት ቀን የፀደይ ጽዳታችን ነበር። ይህ የእኔ የአቆጣጠር ስሕተት ነው፤ ካርታ እንጂ የቀን መቁጠሪያ አርሜ አላውቅምና። አልጋዬን ለእሱ አንጥፌ፣ ለራሴ እግሬ ጠረጴዛ ሥር እንዲገባ አድርጌ ወጥ ቤት ውስጥ ፍራሽ ዘርግቼ ነበር፤ በሰባ አራት ዓመቴ። ሻንጣውን ይዞ ግቢው አግዳሚ ወንበር ላይ እንዲቀመጥና ቋሊማው እስኪጠበስ እንዲጠብቀኝ አዘዝኩት። እኔ ከሁለተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ጋር የደረቀ ቅጠል በየትኛው ከረጢት እንደሚገባ በጨዋነት ስንነጋገር ጥቂት ቆየን። ዞር ስል አግዳሚው ባዶ ነው።

ወንድሜ በበትሩ ደረጃውን እየቆጠረ ወደ ምድር ቤቱ ወርዶ፣ ሽንት ቤት ሲፈልግ ያገኘውን የመጀመሪያ በር፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ሳያንኳኳ ከፍቶ ገብቶ ነበር። ለምን እንዳልቆለፉት እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ በሕንጻችን የአሥራ አንድ ሳምንት ምሥጢር በአንድ ያልተቆለፈ በር መፍረሱ ለጥንቁቅ ሊቀ መንበር የሚመጥን አይደለም። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሁለታችሁም በደረጃው ብቅ አላችሁ፤ እርስዎ በእጅዎ የእንቁላል ማንኪያ ይዘዋል። አልጎት ዕድሜውን ሙሉ በወንዝ ማዶ ካለ ሰው ጋር ሲነጋገር የኖረ በመሆኑ ድምፁ ዝቅ አይልም።

«ጉንቮር» አለ፣ «ጀርመኖቹ አንድ ሰው ናቸው። ቶርቢዮርን ነው ስሙ። ከሚስቱ ከተለያየ ጀምሮ እዚህ ነው የሚያድረው። አልጋው ሁለት ነው፣ አንዱን ሰጥቶኛል።»

ሁላችንም ወደ መጥረጊያችን አየን። ያን ያህል በጥንቃቄ የተጠረገ ግቢ በሶደርማልም ታይቶ አይታወቅም። ዮርዲስ ቋሊማ የምትገለብጥበትን መቆንጠጫ እንደያዘች ቀረች፤ ቋሊማው አረረ። እርስዎም፣ ለማንም ሳይሆን ለማንኪያው በሚመስል ድምፅ፣ ጥቂት ቃል ተናገሩ፦

«ሦስት ቀን ብቻ የምቆይ መስሎኝ ነበር።»

ክቡር ሊቀ መንበር፣ ከቅሬታዎቼ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ ሦስት ሌሊት የሚለውን ቁጥር ያስገቡት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ እኔም በጉባኤው ላይ ደግፌ እጄን አውጥቻለሁ። ደንቡን ከማፍረስ ይልቅ እርጥበት ፈጠሩ። ሃያ ሦስት ቤት በላይዎ ላይ ተኝቶ፣ ከአንዱም ዘንድ ሳይመጡ፣ አሥራ አንድ ሳምንት ለአንድ ሰው የሚበቃ ምግብ በሉ። እኔ ደግሞ ካርቶኑን ቆጠርኩ። አሥራ አራት ጊዜ «ለአንድ ሰው» የሚል ጽሑፍ አንብቤ አሥራ አራት ሰው ነው ያልኩ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላውን ስሕተት ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ እንዳይመስልዎ፤ ለመዝገብ ያህል ነው።

ስድስተኛ፤ ስለ ተዘረፈው መርሐ ግብሬ።

አራት ገጽ ጽፌ እንደነበር ከላይ አስረድቻለሁ። እሑድ ጠዋት ከምድር ቤት ስደርስ ሁለታችሁም እንቁላላችሁን በልታችሁ፣ ጫማችሁን አስራችሁ፣ መርሐ ግብሬን ለሁለት አጥፋችሁ የሚወዛወዘው ጠረጴዛ እግር ሥር አድርጋችሁታል። ወደ መርከቧ ሄድን፤ ይህን አልክድም። ወደ ደሴቱ በሚሄደው ጀልባ ላይ ወንድሜን ክንዱን ይዘው ከነፋሱ ጎን አስቀመጡት፤ በየት በኩል ሕንጻው በየት በኩል ውኃው እንዳለ ሳይነግሩት ራሱን ወደ ጎን አዙሮ እስኪያገኘው ዝም ብለው ጠበቁት። እኔ ብሆን እነግረው ነበር፤ በገጽ ሁለት ላይም ተጽፏል።

ማክሰኞ ግን፣ የከርሰ ምድር ባቡሩ ሥዕል ቀን መሆኑ እየታወቀ፣ ወንድሜን ለሽያጭ የቀረበ ቤት ሊያዩ ወደ ፋርስታ ወሰዱት። በካርታው ላይ የከበቧቸው ስድስት ቦታዎች ለብቻዎ የሚኖሩበትን ቤት ሲፈልጉ ያዩዋቸው መሆናቸውን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ሰው ቤት ሲያይ ወለሉ እንዳይቆሽሽ በጫማ ላይ የሚጠለቀውን ሰማያዊ ፕላስቲክ አልጎት አጥልቆ፣ ግድግዳውን በጡጫው እየመታ፣ መስኮቱን እየከፈተ፣ ለእርስዎ የሚሆን ቤት እንዳልሆነ ለሻጩ በግልጽ ነገረው አሉ፤ አንድ ሰው ብቻውን ሊኖርበት አምስት ክፍል በረሃ ነው ብሎ። ወንድሜ ከዚህ ከተማ፣ ከቤተ መንግሥቱም ከመርከቧም ከሥዕሉም፣ አብልጦ የወደደው ፋርስታን ነው። ሰማያዊውን ፕላስቲክ ለማስታወሻ ይዞት ሄዷል። ሃምሳ ዓመት የጻፍኩት ደብዳቤ ዋጋው ይህ ሆነ፤ ስለዚህም አመሰግንዎታለሁ።

በመጨረሻው ቀን ሦስታችን ወደ ፊየልጋታን ገደል ወጣን፤ መቼም በሶደርማልም የኖረ ሰው እንግዳውን መጨረሻ የሚያቆመው እዚያ ነው። አልጎት አጥሩን ይዞ አንገቱን ወደ ቀኝ አዞረ፣ ወደ ግራ አዞረ፣ መሃሉ የጠፋበትን ከተማ ከዳርና ዳር እየሰበሰበ አየ። እኔ የትኛው ግንብ የትኛው እንደሆነ ልነግረው አፌን ስከፍት እርስዎ እጅጌዬን ነኩኝ። ስለዚህ ድፍረትዎ ለብቻው ቅሬታ ላቀርብ እችል ነበር። ወንድሜ አጥሩን ሳይለቅ፦

«እዚህ ነው የነበርሽው እንግዲህ» አለኝ።

መልሱንም እሱ ራሱ ሰጠ፤ ትንፋሹን ሳብ አድርጎ ወደ ውስጥ አስገባት፤ በእኛ በሰሜኖቹ ዘንድ ይህ «አዎ» ማለት ነው።

ሰባተኛና የመጨረሻ፤ ስለ ሕጋዊነት።

እንግዳ ክፍሉን ያለ ደንብ መያዝዎ እንዲሁ ሊታለፍ አይችልም፤ ደንብ ደንብ ነው። ስለዚህ ትናንት ከዮርዲስ ጋር ሆነን፣ ሳንለጥፍና ሳንጽፍ፣ ከበር በር እየዞርን አንኳኳን። ሦስት ሰዎች ጋዝ የፈሰሰ መስሏቸው ካፖርት ለብሰው ወጡ። በደንባችን አንቀጽ ዘጠኝ መሠረት ማንኛውም ቤት እንግዳውን ለሦስት ሌሊት ማሳረፍ ይችላል፤ እንግዳው ማን መሆን እንዳለበት ግን ደንቡ አይናገርም፤ ይህን ቀዳዳ የተዉት እርስዎ ነዎት። ከሃያ አራት ቤት ሃያ ሦስቱ ፈርመዋል። ያልፈረመውን ስሙን አልጠራም፤ በሁለተኛው ፎቅ በስተቀኝ፣ ስለ ቅጠል ከረጢት ብዙ የሚያውቀው ነው። ዛሬ ጠዋት ቁጥር የሌላትን ጓጉንቸር አስነስተን በቦታዋ ሃያ ሦስት ጓጉንቸር በተራ ሰክተናል፤ መጀመሪያዋ 17 ናት። ስድሳ ዘጠኝ ሌሊት ይሆናል፤ እስከ ሐምሌ ሃያ ገደማ ያደርስዎታል። እያንዳንዱ ቤት እንግዳውን በተራው ራት የማብላት ግዴታ እንዳለበትም ተጨምሯል፤ በዚህም የካርቶኑ ገንዳ ይተነፍሳል።

የቤት ቁጥር 11 ነዋሪ፣ ማለትም ባለቤትዎ፣ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው የመጨረሻዎቹን ሦስት ሌሊቶች መርጠው ፈርመዋል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልገምትም፤ ከየካቲት ወዲህ የገመትኩት ይበቃኛል።

የእርጥበቱን ወረቀት በክብር አንስተው እንዲያስረክቡኝ፣ ሃያ አምስተኛዋም ጓጉንቸር ከየት እንደመጣች ለማኅበሩ መዝገብ እንዲገልጹ እየጠየቅሁ፣ ለአሥራ አንድ ሳምንት ትዕግሥትዎ፣ ለፈገግታው ሥዕልዎ፣ ለወንድሜ ስለሰጡት አልጋና ከእኔ ስለወሰዱት ሽርሽር ያለኝን ወሰን የለሽ ምስጋና በዚህ አጋጣሚ እገልጻለሁ።

ከማይጓደል አክብሮትና ከማያንቀላፋ ጥርጣሬ ጋር፣
የዛሬ፣ የነገና የከነገ ወዲያ ሌሊት አስተናጋጅዎ፣
ጉንቮር ሄድሎፍ፣ የቤት ቁጥር 17

ድኅረ ጽሑፍ፦ አልጎት በሰላም መግባቱን ለመንገር ዛሬ ደውሎ ነበር። የእኔን ፊት በዳር ዓይኑ በደንብ እንዳየውና እንዳረጀሁ ነግሮኛል። ስለ እርስዎም መልእክት አለው፤ እንደ ወረደ አስተላልፋለሁ። ማየት ሊያቆም የቀረበው እሱ እንኳ ያየውን ጢም እርስዎ በመስታወት አለማየትዎ ገርሞታል፤ የቁጥር 11 ተራ ከመድረሱ በፊት ይላጩት ብሏል።